የሕሙማን ደሴት የተማሪዎች ደሴት ስትሆን

የኒውዮርክን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ እንግዳ ዓይኑ የሚያርፈው ማንሃታን በሚባለው ክፍሏ ሰማይን እየታከኩ በተደረደሩት ሕንፃዎች ላይ ነው። ነገር ግን ከዚያው ከማንሃታን በስተምሥራቅ፣ 59ኛው መንገድ ከሁለተኛው ጎዳና ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ብዙ ጎብኚ ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ጣቢያ አለ። ከዚህ ጣቢያ በወፍራም የብረት ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ቀይ ሠረገላ ሰው ጭኖ ይነሣና ከኩዊንስቦሮ ድልድይ ጎን ለጎን ሽቅብ ይወጣል። ከውሃው በላይ 75 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሲሄድ ከበታቹ ያሉት ጀልባዎች እንደ ልጆች መጫወቻ አንሰው ይታያሉ፤ 5 ደቂቃ እንኳ ሳይሞላም ተሳፋሪውን በወንዙ መካከል በተጋደመች ቀጭን ደሴት ላይ ያወርደዋል። ይህ የገመድ መጓጓዣ ሥራውን የጀመረው በ1976 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ደሴቲቱ ሩዝቬልት ትባላለች። ርዝመቷ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ወርዷ በሰፊው ቦታዋ እንኳ 250 ሜትር አይሞላም። በአንዱ ዳሯ የቆመ ሰው ማንሃታንን፣ ፊቱን ቢያዞር ደግሞ ኩዊንስን ያያል። ከ10 ሺህ በላይ ነዋሪዎች አሏት። ከገመዱ ጣቢያ ወርዶ ወደ ደቡብ ጥቂት የተራመደ ሰው ግን ከመኖሪያ ቤቶቹ ሌላ፣ አዲስ የሆነ የትምህርት ሰፈር ያገኛል። ስሙ ኮርኔል ቴክ ነው። የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከእስራኤሉ ቴክኒዮን ጋር ተባብሮ ያቆመው ሲሆን፣ ዓላማው ተማሪው ዲግሪውን ይዞ ሥራ ለመለመን ከደጅ ወደ ደጅ እንዳይሄድ፣ ይልቁንም ራሱ አዲስ ሥራ አቋቁሞ ሌላውን የሚቀጥር እንዲሆን ማስተማር ነው። ይህ ትምህርት ቤት እንዴት እንደ ተመሠረተና ስለ ምን በዚህች ደሴት ላይ እንደ ቆመ ማወቅ፣ የዩኒቨርሲቲዎች ስምምነት በየጊዜው ለሚፈረምበት ለኛም አገር ተማሪና የመንግሥት ሠራተኛ የሚጠቅም ይመስለናል።

ከተማዪቱ የደበቀቻቸው ሰዎች

ደሴቲቱ ብዙ ስም ለዋውጣለች። ሆላንዶች የአሳማ ደሴት ይሏት ነበር፤ በኋላም ብላክዌል በሚባል ቤተሰብ ስም ተጠራች። በ1828 ዓ.ም. የኒውዮርክ ከተማ አስተዳደር በ32,000 ዶላር ከገዛት ወዲህ ግን ከተማዪቱ ልታያቸው የማትወዳቸው ሰዎች ማስቀመጫ ሆነች። በመጀመሪያ ወህኒ ቤት ተሠራባት፤ ቀጥሎ በ1839 ዓ.ም. የአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ተከፈተ፤ በ1856 ዓ.ም. ደግሞ በደቡባዊው ጫፍ የፈንጣጣ ሆስፒታል ቆመ።

በ1887 ዓ.ም. ኔሊ ብላይ በሚል የብዕር ስም የምትጽፍ አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ አእምሮዋ የታወከ መስላ ወደ ሕሙማኑ ቤት ገባች። በዚያም 10 ቀን ቆይታ ከወጣች በኋላ የበሽተኞቹን ረኀብ፣ ብርድና ድብደባ በጋዜጣ ብታወጣው ከተማው ተደናገጠ፤ ለሕሙማኑ የሚመደበውም ገንዘብ እንዲጨመር ምክንያት ሆነ። በ1921 ዓ.ም. የደሴቲቱ ስም ተለውጦ የደኅንነት ደሴት የሚል ትርጉም ያለው ስያሜ ተሰጣት። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሕመምተኞች የሚሆን ጎልድዎተር የተባለ ትልቅ ሆስፒታል ተከፈተባት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወባ መድኃኒት ከተመረመረባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው ሆስፒታል ነበር። በመጨረሻም በ1973 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ስም ተሰየመች።

የከንቲባው ውድድር

በ2008 ዓ.ም. ታላቁ የገንዘብ ቀውስ በደረሰ ጊዜ፣ ኒውዮርክ ኑሮዋን በባንክና በአክሲዮን ገበያ ላይ አብዝታ ማስደገፏ አደጋ እንዳለበት ተገለጠላት። በኮምፒዩተርና በኢንጂነሪንግ ጥበብ የሚነሡት አዳዲስ ኩባንያዎች የሚበቅሉት በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ነበር። የዚያን ጊዜው ከንቲባ ማይክል ብሉምበርግና አማካሪዎቻቸው ታዲያ ያልተለመደ ነገር አደረጉ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ለዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ ጥሪ አቀረቡ። በከተማችን የተግባራዊ ሳይንስ ትምህርት ቤት ለሚከፍት ቦታ እንሰጣለን፣ እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ርዳታም እንጨምራለን የሚል ነበር።

ብዙዎች ያሸንፋል ብለው የጠበቁት ስታንፎርድን ነበር። ይሁን እንጂ ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ላይ ስታንፎርድ ከውድድሩ ራሱን አወጣ። በዚያው ቀን ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ስሙን ያልገለጠ ሰው 350 ሚሊዮን ዶላር እንደ ሰጠው አስታወቀ። ከሦስት ቀን በኋላም ከንቲባው ኮርኔልና ቴክኒዮን ማሸነፋቸውን ተናገሩ፤ በሩዝቬልት ደሴትም ወደ 5 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ለ99 ዓመት ተፈቀደላቸው።

ሳንድዊች ሻጩ ተማሪ

ስሙን ያልገለጠው ለጋሽ ማን እንደ ሆነ ብዙም ሳይቆይ ታወቀ፤ ቻርልስ ፊኒ ነበሩ። ፊኒ በ1950ዎቹ ዓመታት በኮርኔል የሆቴል አስተዳደር ሲማሩ ለወታደርነት አገልግሎታቸው መንግሥት የከፈለላቸው የትምህርት ገንዘብ አልበቃ ቢላቸው፣ ማታ ማታ በተማሪዎች መኖሪያ እየዞሩ ሳንድዊች ይሸጡ ነበር። በኋላ በአውሮፕላን ጣቢያዎች ከቀረጥ ነፃ ዕቃ በመሸጥ እጅግ ባለጸጋ ሆኑ። ነገር ግን ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነውን ሀብታቸውን በሕይወት ሳሉ፣ አብዛኛውን ጊዜም ስማቸውን ሸሽገው፣ ለትምህርትና ለጤና ሰጥተው በ2023 ዓ.ም. አረፉ።

ሌላው ታላቅ ለጋሽ ኧርዊን ጄኮብስ ናቸው። እርሳቸውም በኮርኔል የሆቴል አስተዳደር ጀምረው ወደ ኤሌክትሪክ ኢንጂነሪንግ የተሻገሩ፣ በኋላም ከጓደኞቻቸው ጋር በ1985 ዓ.ም. ኳልኮም የተባለውን የስልክ ጥበብ ኩባንያ ያቋቋሙ ሰው ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ከጆን ጋር 133 ሚሊዮን ዶላር ስለ ሰጡ፣ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚመሩት ክፍል የጄኮብስ ቴክኒዮን-ኮርኔል ተቋም ተባለ። እንግዲህ ተማሪ ሥራ እንዲፈጥር የሚያስተምረው ቤት የቆመው በተማሪነታቸው ሥራ መፍጠርን በሞከሩና አቅጣጫቸውን ለመለወጥ ባልፈሩ ሰዎች ገንዘብ ነው።

ሁለቱ ባልንጀሮች ምን ይዘው መጡ?

ኮርኔል የሚገኘው በኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ቢሆንም ከኒውዮርክ ከተማ ርቆ፣ ኢታካ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። በ1865 ዓ.ም. ያቋቋመው ኤዝራ ኮርኔል የቴሌግራፍ ሽቦ በመዘርጋት የበለጸገ ሰው ነበር። ይህ ዩኒቨርሲቲ ታላቅ ስም፣ ጠንካራ የኮምፒዩተርና የኢንጂነሪንግ ክፍል፣ በከተማው ውስጥ የሚኖሩ ብዙ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ከደሴቲቱም ፊት ለፊት በማንሃታን ዳር የቆመ የሕክምና ኮሌጅ አለው። ሆኖም ከገበያው ርቆ በኮረብታ ላይ የተቀመጠ ትምህርት ቤት ነው።

ቴክኒዮን ደግሞ በሃይፋ ከተማ የሚገኝ፣ ከእስራኤል መንግሥት የቀደመ ትምህርት ቤት ነው። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ1912 ዓ.ም. ሲሆን፣ ማስተማር የጀመረው በ1924 ዓ.ም. ነው። በሮቹ ገና ሳይከፈቱ ትምህርቱ በጀርመንኛ ይሁን ወይስ በዕብራይስጥ በሚል ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ዕብራይስጥ ረታ። በኒውዮርኩ ውድድር ወራት ከመምህራኑ አንዱ ዳን ሼክትማን የ2011 ዓ.ም. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማትን አግኝተዋል። ለዚህ ሥራ ያስፈለገው ግን ከሽልማቱ ይልቅ ልምዱ ነበር፤ የእስራኤልን የኤሌክትሮኒክና የኮምፒዩተር ኩባንያዎች ካቋቋሙትና ከሚመሩት መካከል ብዙዎቹ የቴክኒዮን ልጆች ናቸውና። ቴክኒዮን ከእስራኤል ጦር ኃይል ሥራ ጋር ባለው ግንኙነት የተነሣ በኮርኔል ካሉት መምህራንና ተማሪዎች መካከል ሽርክናውን የተቃወሙ እንዳሉም መዘንጋት አይገባም።

ስለዚህ አንዱ ወገን ስምና ዘመድ፣ ሌላው ከቤተ ሙከራ ወደ ገበያ የመሻገር ልምድ፣ ከተማው ደግሞ መሬትና ገንዘብ ይዘው ተገናኙ። ማንኛቸውም የሌላውን ድርሻ ብቻቸውን ሊሞሉት አይችሉም ነበር።

ጥያቄው ከውጭ ይመጣል

ትምህርቱ የተጀመረው በጥር 2013 ዓ.ም. ነው። ተማሪዎቹ ከ10 የማይበልጡ ነበሩ፤ ሕንፃም ስላልነበራቸው ጎግል የተባለው ኩባንያ በማንሃታን ካለው ሕንፃው ከፍሎ በነፃ ባዋሳቸው ክፍሎች ይማሩ ነበር። የደሴቲቱ ሕንፃዎች የተመረቁት በመስከረም 2017 ዓ.ም. ነው።

የትምህርቱ አካሄድ ከተለመደው ይለያል። ስቱዲዮ በሚሉት ክፍለ ትምህርት ውስጥ የኮምፒዩተር፣ የኢንጂነሪንግ፣ የንግድና የሕግ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ተቀላቅለው ይሠራሉ። ጥያቄውን የሚያወጣው መምህሩ ብቻ አይደለም፤ ኩባንያዎችና ድርጅቶች ያስቸገራቸውን ነገር ያቀርባሉ። ተማሪዎቹም መልሱን በወረቀት ከመጻፍ ይልቅ የሚሠራ ነገር ሠርተው ማሳየት አለባቸው። በሚቀጥለው ደረጃ ቡድኖቹ የራሳቸውን ሐሳብ ያመጣሉ፤ የሚገዛው ማን ነው? ምን ያህል ይከፍላል? ሕጉስ ይፈቅዳል? እየተባሉ በባለሙያዎች ፊት ይፈተናሉ። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ለተመረጡ ጥቂት ቡድኖች ኩባንያቸውን እንዲያቋቁሙ የ100,000 ዶላር መነሻና የመሥሪያ ቦታ ይሰጣቸዋል። በጋራው ተቋም የሚማሩት ደግሞ ሲመረቁ ከሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች አንድ አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት ዲግሪ ይቀበላሉ።

ዶክትሬታቸውን ለጨረሱ ሊቃውንትም መንደርደሪያ የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው መርሐ ግብር አለ። የተማረ ሰው ለብዙ ዓመት የደከመበትን ምርምር በመደርደሪያ ላይ ትቶት እንዳይሄድ፣ ደመወዝና መካሪ እየተሰጠው ወደ ሥራ እንዲለውጠው ያግዘዋል። በሕፃን አልጋ ላይ ተሰቅሎ የእንቅልፉን ሁኔታ ለወላጆች የሚያስረዳ ካሜራ የሚሠራው ናኒት የተባለው ኩባንያ የተነሣው ከዚህ ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱም ዶክትሬታቸውን ያገኙት ከቴክኒዮን ነበር። ከኮርኔል ቴክ የወጡት ጀማሪ ኩባንያዎች ቁጥር ዛሬ ከ100 በላይ ሆኗል።

ሕንፃዎቹም ይህንኑ ሐሳብ ይናገራሉ። በብሉምበርግ ልጆች ስም የተሰየመው ዋናው የትምህርት ሕንፃ ጣራው በፀሐይ ኃይል መቀበያ ሰሌዳዎች የተሸፈነ ነው። ከእርሱ አጠገብ ባለውና ታታ በተባለው የህንድ ኩባንያ ስም በሚጠራው ሕንፃ ውስጥ ተማሪዎችና የተከራዩ ኩባንያዎች በአንድ ጣራ ሥር ይሠራሉ። የተማሪዎቹና የመምህራኑ መኖሪያ የሆነው ባለ 26 ፎቅ ቤት ደግሞ ግድግዳው ሙቀትና ቅዝቃዜን እንዳያሳልፍ ተደርጎ ስለ ተሠራ ጥቂት ኃይል ብቻ ይበቃዋል፤ ሲከፈትም በዚህ ዘዴ ከተሠሩት የዓለም ቤቶች ሁሉ ረጅሙ ነበር።

ቦታውን የለቀቀው ማን ነው?

መንገደኛው ከትምህርት ቤቱ አልፎ ወደ ደቡብ ሲሄድ የፈንጣጣው ሆስፒታል ፍርስራሽ ያጋጥመዋል። ጣራ የለውም፤ ግራጫው የድንጋይ ግድግዳ በብረት ተደግፎ ቆሟል፤ በመስኮቶቹም ውስጥ ሐረግ ይታያል። ከፍርስራሹ ቀጥሎ፣ በደሴቲቱ ጫፍ ላይ፣ ሉዊስ ካን የተባለው ዝነኛ አርክቴክት የነደፈው የሩዝቬልት መታሰቢያ አለ፤ ካን በ1974 ዓ.ም. ቢሞትም መታሰቢያው የተከፈተው በ2012 ዓ.ም. ነው። ሩዝቬልት በ1941 ዓ.ም. የሰው ልጅ ሁሉ ሊያገኛቸው ይገባል ያሏቸው አራቱ ነፃነቶች በዚህ ይታሰባሉ፤ ከአራቱ አንዱ ከችግር ነፃ መሆን ነው። እኒህ ፕሬዚዳንት በየካቲት 1945 ዓ.ም. በግብፅ፣ በጦር መርከብ ላይ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር የተገናኙት መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ።

ከችግር ነፃ መሆን በተጻፈበት መታሰቢያ አጠገብ ግን አንድ ጥያቄ ይነሣል። አዲሱ ትምህርት ቤት የቆመው ባዶ መሬት ላይ አይደለም፤ የጎልድዎተር ሆስፒታል በነበረበት ቦታ ላይ ነው። የሆስፒታሉ አስተዳደር ሕንፃው ስላረጀ ለመልቀቅ አስቀድሞ አስቦ የነበረ ቢሆንም፣ በ2013 ዓ.ም. በመቶ የሚቆጠሩ በሽተኞች ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረዋል። ከእነርሱም መካከል በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ፣ በዚያ ቤት ለብዙ ዓመት የኖሩና ደሴቲቱን አገራቸው ያደረጉ ነበሩ። ከፊሎቹ ሃርለም ውስጥ ወደ ተዘጋጀ አዲስ ሆስፒታል ሄዱ፤ ሌሎቹ ወደየስፍራው ተበተኑ። አሮጌው ሕንፃ ከመፍረሱ በፊት በግድግዳው ላይ የነበሩት ሥዕሎች በጥንቃቄ ተነሡ፤ ከነዚህም አንዱ፣ ኢልያ ቦሎቶቭስኪ የተባለው ሠዓሊ በ1940ዎቹ ዓመታት የሠራው ሥዕል፣ ታድሶ በአዲሱ የትምህርት ሕንፃ ውስጥ ተተክሏል። በሽተኞች ያዩት የነበረውን ሥዕል ዛሬ ተማሪዎች ያዩታል።

የመሬት ነገር በኮርኔል ታሪክ አዲስ አይደለም። በ1862 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለየግዛቱ መሬት እየሰጠ፣ ከሽያጩ በሚገኘው ገንዘብ የእርሻና የእጅ ጥበብ ኮሌጆች እንዲቋቋሙ አወጀ። ከዚህ ሕግ ይበልጥ የተጠቀመው ኮርኔል ነው፤ ወደ 400,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ደርሶታል። ያ መሬት ግን ቀድሞ የአገሬው ተወላጆች የነበረና ከእጃቸው የወጣ ነው። ዕውቀት ለሁሉ እንዲዳረስ ያደረገ ታላቅ ሕግ ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ያልተማሩበት ሰዎች ናቸው።

ከኦክላሆማ እስከ ሐሮማያ

ከዚሁ ሕግ ሥር የበቀለ አንድ ቅርንጫፍ እኛም ዘንድ ደርሷል። የመሬት ስጦታ ኮሌጆች ከሚባሉት አንዱ የሆነውና ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም በ1952 ዓ.ም. በተፈረመ ስምምነት ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በዚያው ዓመት የጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ በድሬዳዋና በሐረር መካከል፣ በዚያን ጊዜ ዓለማያ በሚባለው ሥፍራ የእርሻና የመካኒክ ጥበብ ኮሌጁ ሥራውን ጀመረ። ከኦክላሆማ የመጣው ዋናው ነገር ትራክተሩ አልነበረም፤ ማስተማር፣ መመራመርና የተመረመረውን ለገበሬው ማድረስ በአንድ ቤት ሥር ይሁን የሚለው ሐሳብ ነበር። ኦክላሆማዎች በ1968 ዓ.ም. ሥራውን ለኢትዮጵያውያን አስረክበው ሄዱ። ኮሌጁም በ1985 ዓ.ም. ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው እርሱ ነው።

ኮሌጁ ስሙን ያገኘበት ሐይቅ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ደረቀ። ለጫትና ለአትክልት ማጠጫ በሞተር የተሳበው ውሃ፣ ለሐረር ከተማ ይሄድ የነበረው መጠጥ፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች እየታጠበ የገባው አፈር ተባብረው አጠፉት። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመልሶ መታየት ጀምሯል። ለኮርኔል ቴክ ተማሪዎች ጥያቄ የሚያቀርቡት ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው፤ ለሐሮማያ ተማሪ ግን ጥያቄው ከግቢው በር ውጭ ተኝቶ ይጠብቀዋል። ገበሬው ገቢው ሳይቀነስ በጥቂት ውሃ እንዴት ያምርት? አፈሩን የሚያቆም ሥራ ራሱ ገቢ የሚያስገኘው እንዴት ነው? ይህን በሥራ ለሚመልስ የተማሪዎች ቡድን ገበያው ከምሥራቅ ሐረርጌ አልፎ ብዙ አገር ይደርሳል።

ዛሬም ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚደረጉ የትብብር ሰነዶች በየሚኒስቴሩና በየኮሌጁ ይጻፋሉ። ብዙውን ጊዜ ረቂቁን የሚያዘጋጀው፣ ደብዳቤውን የሚያመላልሰው ወጣት ሠራተኛ ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት በጠረጴዛው ላይ ሲያልፍ ስንት ኮምፒዩተርና ስንት የትምህርት ዕድል ይሰጣል ብሎ መቁጠሩ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እንግዳው ወገን እኛ የሌለን ምን ያመጣል፣ እኛስ እርሱ የሌለውን ምን እንሰጣለን፣ ተማሪው የሚሠራበት ጥያቄ ከማን ኑሮ የተነሣ ነው ብሎ ይጠይቅ። ቦታ ከተጠየቀም ካርታውን ብቻ ሳይሆን በዚያ ቦታ ላይ ዛሬ የሚኖረው ማን እንደ ሆነ፣ ሲነሣስ ወዴት እንደሚሄድ በሰነዱ ላይ በግልጥ እንዲጻፍ ያድርግ።